«አዲስ በሽታ» ስንል፦ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቀጭኑ ታማሚና ስለ ረመዷን
(ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)





የመስጊዱ ኮሚቴ እንድናገርበት የሰጠኝ ርዕስ «በአካባቢያችን ስለሚታዩ አዳዲስ በሽታዎች» የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው። ስለ ኮሮና ማውራት ይቻላል፤ ስለ ኮሌራም እንዲሁ። ሁሉንም ልንካ ብል ግን አንዱንም ሳልጨብጥ ይመሻል። ስለዚህ ከመካከላቸው በየቤታችን ገብቶ ሳለ ገና በወጉ ያላወቅነውን የስኳር በሽታን መርጫለሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት ረመዷን በመጣ ቁጥር «ልጹም ወይስ አልጹም?» የሚለው ጥያቄ ከሐኪም ይልቅ ጎረቤት ዘንድ የሚቀርብ በመሆኑ፣ በዚህም የተነሣ ሰው የሚጎዳ በመሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ግን «አዲስ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። አንድ በሽታ በሁለት መንገድ አዲስ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከዚህ በፊት ባልነበረበት አገር ሲገባ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድሮም ከኛ ጋር እየኖረ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ሰው እየገደለ ቆይቶ አንድ ቀን መሣሪያና ባለሙያ ሲገኝ ስሙ ሲታወቅ ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ምሳሌ የሚሆነን ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዲስ ዘመንን የማያውቅ ነጋዴ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የሊቦ ከምከም ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ ወረዳ ሰዎች ለሳምንታት በማይለቅ ትኩሳት ይያዙ ጀመር፤ ሰውነታቸው ይከሳል፣ ጣፊያቸው ያብጣል፣ የወባ መድኃኒት ቢወስዱም አይሻላቸውም። መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎም ታስቦ ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ግን በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ካላዛር የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ነበር፤ ሊቦ ከምከም ግን ደጋ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም ተብሎ ይገመታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በስፍራው የሕክምና ማዕከል ከፍቶ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ሕሙማንን አክሟል። ከታከሙት ከመቶ 4ቱ ያህል ሞተዋል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው 5 እጥፍ ነበር። መድኃኒቱ ደርሶ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ሳይታወቅ በወባ መድኃኒት ሲመላለሱ የቀሩትን ማሰብ ነው።

ከዳባትም ከደባርቅም በየዓመቱ ወደ ቆላ የሚወርዱ ልጆች አሉን። ከዚያ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያተኩሰው፣ የሚከሳና ሆዱ በግራ በኩል የሚያብጥ ልጅ ካለ «ቆላ ሠርቼ መጥቻለሁ» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። አንዲት ቃል ናት፤ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ምርመራ ትመራዋለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ልግባ።

ቤት ለቤት እየዞሩ «ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን ገባ? ማን ወጣ?» እያሉ የሚመዘግቡትን ባለሙያዎች ዳባት ያላችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባቋቋመው የዳባት የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዶቻችን «ይህ ሁሉ ጽሕፈት ለምን ይሆን? ለግብር ነው ወይ?» እያልን ስንጠራጠራቸው ኖረናል። ለምን እንደሆነ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የጎንደር ከተማና የዳባት ገጠር ነዋሪዎች ደማቸው ተመርምሮ ነበር። በከተማው ከመቶ ሰዎች 5.1፣ በገጠሩ ደግሞ 2.1 ያህሉ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው።

2.1 ትንሽ ትመስላለች። የሚያስደነግጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በገጠር ከተገኙት ሕሙማን ከመቶ 82.6 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቁም ነበር። ይኸውም ከ5 ሰው ከ4 በላይ ማለት ነው። በከተማውም ቢሆን ከመቶ 63ቱ አያውቁም ነበር። እንግዲህ በሽታው በዚያ ዓመት አልመጣም፤ በዚያ ዓመት የመጣው ምርመራው ነው።

በዚያው አካባቢ ስለ ደም ግፊት የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ደግሞ በከተማ ከመቶ 30.7፣ በገጠር 25.3 ሰዎች ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአራት ጎልማሳ አንዱ ማለት ነው። ገበሬ ግፊት አይይዘውም፣ ዳገት ይወጣል፣ ይሠራል ይባል ነበር። ስለ ግፊት ዛሬ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ግፊት አያምም። ራስ ምታት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አንድ ጧት ግማሽ ሰውነቱ አልታዘዝ ሲለው ነው የሚያውቀው። መለኪያው በጤና ጣቢያ አለ፤ ክንድ ከመዘርጋት በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም።

ወደ ስኳር እንመለስ። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚል አባባል በሰፊው ሥር ሰድዷል። ሆዱ የገፋ፣ መኪና የሚነዳ፣ ሥጋና ቅቤ የሚያዘወትር ሰው በሽታ ነው እንላለን። እንዲህ ያለው ዓይነት በእርግጥ አለ፤ በከተሞቻችንም እየበዛ ነው። ነገር ግን በዚህ በሰሜን ጎንደር ደጋ ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ዓይነት አለ። ታማሚው ቀጭን ነው። ወጣት ገበሬ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወንድ ነው። ውኃ አይጠግብም፤ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል፤ እየበላ ይከሳል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ይመስለዋል። ቀጥሎ «ዓይን በልቶት ነው»፣ «ጂን ይዞት ነው» ይባላል። በመካከሉ ጠያቂ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣምና ለስላሳ ይዞለት ይመጣል፤ ሌላው ማር ያመጣል፤ እናቱም አቅም እንዲያገኝ ብላ ሻዩን በስኳር ታጠግብለታለች። ልጁ ይጠማዋልና ይጠጣዋል። በፍቅር የተሰጠው ሁሉ በሽታውን ያባብሰዋል። ከዚያ ማስመለስና የሆድ ሕመም ይመጣል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይጠልቃል፤ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል፤ አእምሮውን ይስታል። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በሰዓታት ውስጥ ኢንሱሊንና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ካላገኘ ይሞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከጨጓራ ኋላ ያለው ቆሽት የሚባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን የተባለ ቅመም ያመነጫል። እህሉ ጤፍም ይሁን ገብስ፣ ድንችም ይሁን ስንዴ፣ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ኢንሱሊን ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ሰውዬው ጎተራው ሞልቶ በሩ ተዘግቶበት እንደሚራብ ሰው ይሆናል። የተረፈውን ስኳር ኩላሊት በሽንት ይጥለዋል፤ ውኃውም አብሮ ይሄዳል፤ ጥማቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሽንቱን ጣፋጭነት ኢብን ሲና ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ በጽሑፉ አስፍሮታል። መድኃኒቱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አልተገኘም ነበር። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ተገኝቶ፣ በ1922 መጀመሪያ ላይ ለአንድ ለሞት ለተቃረበ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ ልጁም ዳነና ተጨማሪ ዓመታት ኖረ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መጨረሻው ሞት ነበር።

የቀጭኑን ታማሚ ጉዳይ ለዓለም ካሰሙት ውስጥ የጎንደር ሐኪሞች ይገኙበታል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ በገጠር ያሉት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ወንዶች፣ ድሆችና እጅግ ቀጫጭኖች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። «እንደገና» ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህ ዓይነት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1955 በጃማይካ ተገልጾ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 በዝርዝሩ ካስገባው በኋላ በ1999 መልሶ አውጥቶት ነበር። ከዝርዝር የወጣ በሽታ ተመራማሪም፣ ገንዘብም አያገኝም። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» ብሎ ስም ሰጠው። በዓለም ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ዓይነት ሳይኖርባቸው አይቀርም ይባላል። በሊቃውንቱ መካከል ክርክሩ አላበቃም። ለኛ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ በልጅነቱ፣ ምናልባትም በእናቱ ማሕፀን ሳለ በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው ቆሽቱ በሚገባ ሳያድግ ይቀራል የሚለው ሐሳብ ከአካባቢያችን ኑሮ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት የቀነጨሩት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 38፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 ነበሩ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ወጣት እየሆኑ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን መመገብ ለቤቱ ወግ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ረመዷን ልምጣ፤ ይህን በዝርዝር እናገራለሁ።

የሕመምተኛን ጾም በተመለከተ ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቃድ መስጠቱን፣ የማይችለው ደግሞ ድኃ እንደሚመግብ ከኔ ይልቅ ዑለማዎቻችን ያውቁታል። እኔ ባለሥልጣን ወደማይደለሁበት አልገባም። የምናገረው ጾም በስኳር ሕመምተኛ አካል ላይ ስለሚያደርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች 12,243 ሙስሊም የስኳር ሕሙማን ተጠይቀው ነበር። ከዓይነት 1 ሕሙማን ከመቶ 43፣ ከዓይነት 2 ሕሙማን ከመቶ 79 ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ስኳራቸው በብርቱ ወርዶ የወደቁት ደግሞ ከሌላው ወር ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያዎቹ 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኞቹ 7.5 እጥፍ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ጉዳዩ የእምነት ብርታት ወይም ድክመት አይደለም፤ መርፌ የወሰደ አካል ምግብ ካላገኘ ስኳሩ ይወርዳል፤ መርፌ የተወ አካል ደግሞ ባይበላም ስኳሩ ይወጣል።

በእኛ ዘንድ የሚታየው አደጋ በሁለቱም በኩል ነው። አንዱ «ስለምጾም መርፌውን ላቁም» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በተለይ ለቀጭኑ ታማሚ። ቆሽቱ የሚሰጠው ኢንሱሊን እጅግ ጥቂት ነውና መርፌውን ጨርሶ ከተወ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀደም ብዬ ወደገለጽሁት ማስመለስና መሳት ይደርሳል። ሌላው ደግሞ የተለመደውን መጠን ወስዶ ሱሁር ሳይበላ ያነጋል። ቀትር ላይ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል። የሚያየው ሰው ጂን ነው ብሎ ቁርኣን ሊያነብበት ይቀመጣል። ቁርኣኑ ይነበብ፤ ነገር ግን በቅድሚያ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ። ራሱን ስቶ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይፈሰስበት፤ ያንቀዋል፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ሽማግሌዎችም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም።

የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 በሻርጃ ባደረገው ጉባኤ የስኳር ሕሙማንን እንደ አደጋቸው መጠን በአራት መድቦ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች መጾም እንደማይገባቸው ወስኗል። ያው አካዳሚ በ1997 በጂዳ እንደወሰነው ደግሞ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም አያፈርስም። ጣትን ወግቶ ደም መለካትም እንደማያፈርስ በዘርፉ ያሉ ሐኪሞችና ዑለማዎች ተስማምተውበታል። ይህን የምጠቅሰው «መለካቱ ጾሜን ያፈርስብኛል» ብለው ሳይለኩ የሚውሉ ስላሉ ነው። ልኩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ መግሪብ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ቢቀረውም ይፈታ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ «ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ይወድቃል።

ጾም የተፈቀደለት ሕመምተኛ ቢሆን ከረመዷን አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ የመርፌው መጠንና ሰዓት መለወጥ አለበትና። ይህን ጎረቤቱ አይወስንለትም። ሱሁር ይዘግይ እንጂ አይዘለል። ኢፍጣር ላይ አንድ ሁለት ተምር ይበቃል፤ ቀጥሎ ሾርባና እንጀራ። ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ ጁስና ስኳር የሞላበት ሻይ ተከታትለው ሲመጡ ቀኑን ሙሉ የተጾመው በአንድ ሰዓት ይመለሳል። ነፍሰ ጡር ሆና ኢንሱሊን የምትወስድ እህት፣ ባለፉት ሦስት ወራት ስኳሩ ወርዶ የወደቀ ሰው፣ ኩላሊቱ የደከመና በመሣሪያ የሚታጠብ ሰው፣ እነዚህ አይጹሙ።

ሌላው ውዱእ ነው። ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ እሾህ ቢወጋው፣ ውኃ ቢያቃጥለው አይሰማውም። በደባርቅ ብርድ ለውዱእ ውኃ ማሞቅ የተለመደ ነው። ውኃውን በእግር አይለኩት፤ በክንድ ወይም ሌላ ሰው ይለካው። ከታጠቡ በኋላ በእግር ጣቶች መካከል ያለው እርጥበት በጨርቅ ይድረቅ፤ ቁስል የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማታ እግርን ወደ ምድጃ ዘርግቶ መሞቅም ለነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው፤ ሳይሰማው ተቃጥሎ ቁስሉ ሳይድን እግሩ የሚቆረጥ አለ። በየቀኑ ማታ ውስጥ እግርን ማየት፣ ማየት የማይችል ከሆነም ለልጅ ማሳየት ያስፈልጋል።

ኢንሱሊን ሙቀትም ብርድም አይወድም። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአገልግሎት ላይ ያለው ደግሞ በቀዝቃዛ ቤት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብቶ፣ በመካከል አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን በውኃ እያረጠበ ብልቃጡን በውስጠኛው ማሰሮ ማስቀመጥ ይችላል። እኛ አገር ግን ከሙቀቱ ይልቅ ውርጩን የሚረሳ ብዙ ነው። በውርጭ ሌሊት ደጅ ወይም ቆርቆሮ ሥር ያደረ ኢንሱሊን ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣል። ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የምትወርዱ ነጋዴዎችም የመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።

ጥቁር አዝሙድና ማር በነቢያችን ሱና የተከበሩ ናቸው፤ የሚከለክል የለም። ነገር ግን «አዝሙድ ጀምሬያለሁ» ብሎ ኢንሱሊን መተው ሌላ ነገር ነው። ማር ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ነው።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የማቀርበው ጥያቄ አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በተጠጋ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም አይተናል። በዚያው ጦርነት ወቅት በመቐለ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ለዓለም ሲያሰሙ ነበር። የቀን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ በጀማዓው ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስዱትን ሰዎች በፈቃዳቸው የሚመዘግብና ምስጢራቸውን የሚጠብቅ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ይመደቡ፤ እጥረት ሲመጣ ማን ቅድሚያ እንደሚያስፈልገው እንዲታወቅ። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ለማደስ አቅም ላነሣቸው ከዘካው ይታሰብላቸው እንደሆነ ዑለማዎቻችን ይወስኑልን። ሦስተኛ፣ ከረመዷን በፊት ባለው ወር ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ግፊትና ስኳር የሚለካ ባለሙያ ከጤና ጣቢያ እንዲመጣ በደብዳቤ ይጠየቅ። የሴቶቹ በሴት ባለሙያ፣ በሴቶቹ በኩል ቢሆን ብዙዎች ይመጣሉ።

መዝገቡ ዛሬ ሊጀመር ይችላል፤ ደብተሩን ይዤዋለሁ፣ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ ከዐስር ሶላት በኋላ ታገኙኛላችሁ።